ከደሴ ለሚነሳ ሰው፦ ሮምን በአንድ ቀን በእግር

ሮም ላይ ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ታክሲውንም አውቶቡሱንም እርሱት። በእግር ነው የሚታየው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ ቫቲካን እስክትደርሱ፣ እኔ በምቀይስላችሁ መንገድ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ መዞሩ ሲጨመርበት 13 ቢገባ አይግረማችሁ። ሰባት ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ አብሽሩ። ጦሳ ሥር ላደገ ሰው የሮም ኮረብታ ዳገት አይባልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሮም ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ትንፋሻችሁ አያጥርም። የሚጥላችሁ ሙቀቱና ወረፋው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ግማሹ ከሁለቱ የማምለጫ ዘዴ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሮም መመሪያ በየቦታው ሞልቷል፣ ግን የተጻፈው ለሌላ ሰው ነው። እኛ ውጫሌን በመኪና መስኮት እያየን ወልዲያ የምንሄድ ሰዎች ነን። የዚህች ከተማ መንግሥት ከአያቶቻችን ጋር የተዋዋለው ደጃችን ላይ ነው። ሮም ውስጥ እኛን የሚመለከት ነገር በየጥጉ አለ፤ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ፊት ፊት የሚሄደው አስጎብኚ ግን አይነግራችሁም፣ ምናልባትም አያውቀውም። ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ እናቶች አሉ፣ ለትምህርት የሚያልፉ አሉ፣ ለስብሰባ ሄደው አንድ ቀን የተረፋቸው አሉ። ለእነሱ ብዬ ነው በኛ በኩል ያለውን መንገድ የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳታምታቱት።

ከመነሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ቪዛ። ሸንገን ከሌላችሁ ትራንዚት ነኝ ብሎ ከአየር ማረፊያ መውጣት የለም። እንዲያውም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አየር ማረፊያው ውስጥ አልፎ ለመሄድም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ።

ቀጥሎ የኮሎሴዮ መግቢያ። ኮሎሴዮ ያ በየፖስትካርዱ የምታዩት ክብ ስታዲየም ነው። ትኬቱ ከ30 ቀን በፊት ጀምሮ በራሱ በኮሎሴዮ ድረ ገጽ ይሸጣል፣ ተራው ትኬት 18 ዩሮ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ካለቀባችሁ ሌሎች ድረ ገጾች ላይ በእጥፍ ታገኙታላችሁ። ስም ሲሞላ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ሙሉት፤ በር ላይ መታወቂያ ያያሉ። የኛ ስም ደግሞ ያስቸግራቸዋል፤ የአባትና የአያት ስም የት እንደሚገባ ፓስፖርታችሁን ከፍታችሁ እያያችሁ ጻፉ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ነጻ ነው፣ ግን አልመክርም። ያን ቀን ሮም በሙሉ እዚያ ነው ያለችው።

አሁን የሰዓት ጉዳይ፣ ይሄን በደንብ አንብቡ። ትኬታችሁ ላይ 8:30 ካለ በኛ ከጠዋቱ 2:30 ነው። ስልኩ በራሱ የሮምን ሰዓት ይይዛል፣ ጭንቅላታችሁ ግን ደሴ ነው ያለው። ከኛ ጋር ያላቸው ልዩነት በበጋቸው አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ነው፤ ወደኋላ ናቸው። እኔ እዚህ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በሮም ፀሐይ፣ ግን በኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ስል ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን ጠዋት ማለቴ ነው።

ጫማ፦ የለመዳችሁትን ስኒከር። ለጉዞ ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ እቤት ይቅር። መንገዱ ጥቁር ኮብልስቶን ነው፣ ከኛው ኮብልስቶን ይልቅ ያረጀና የተሸራረፈ፣ ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት። ተረከዝ ያለው ጫማ አይታሰብም። ነጠላ ወይም ሻሽ ደግሞ ያዙ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ትከሻና ጉልበት የተገለጠ ሰው አያስገቡም፣ ውጭ ሲሆን ደግሞ ለፀሐዩ ይሆናችኋል። ባዶ የውሃ ጠርሙስና ፓወር ባንክ ጨምሩበት። የከተማዋን ካርታ ዋይፋይ ባለበት ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ትልቅ ቦርሳ አትያዙ፣ ኮሎሴዮ አያስገባውም። ተርሚኒ ሻንጣ ማስቀመጫ አለ፣ እዚያ አስረክቡት።

ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም ጥቅምት። ሐምሌና ነሐሴ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የደሴ ሰው የኮምቦልቻን ሙቀት እንኳ የሚያማርር ነው፣ ያን ወር ተዉት። የግድ ከሆነ ደግሞ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ። ከቀኖቹ ረቡዕን ሽሹ፤ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚያገኙበት ቀን ስለሆነ ቫቲካን አካባቢ ይጨናነቃል።

ጠዋት፦ ከተርሚኒ እስከ ኮሎሴዮ

ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ተርሚኒ ለመድረስ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ 14 ዩሮ ነው። ጣቢያው ውስጥ ብዙ አትቆሙ፤ ኪስ የሚዳብሱ ልጆች የሚውሉበት ቦታ ነው። ስልክ ከኋላ ኪስ ይውጣ። ወጣ ብላችሁ አንዱ ባር ቁማችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ቁማችሁ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ያገራችንን ማኪያቶ የሚመስል ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ በሉ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በቀን መቶ ሺህ ሰው በላዩ ይረግጣል ብትሉ የሚያስታውሰው የለም። ከአደባባዩ ወደ ሪፑብሊካ አቅጣጫ ትንሽ ስትሄዱ አንዲት የአትክልት ቦታ አለች፤ መሐሏ ላይ ቀጠን ያለ የግብፅ ሐውልት ቆሟል። ከራምሴስ 2ኛ ዘመን የመጣ ነው፣ የዶጋሊ ሟቾች መታሰቢያ አድርገውታል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በወረራው ጊዜ እዚሁ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። ዘርአይ ደረስ በሰኔ 1938 አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ ጸልዮ፣ ሊያስነሱት ሲመጡ ጎራዴውን የመዘዘው እዚህ ነው። አንበሳው ኋላ ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። ቦታው የተጎሳቆለ ነው፣ ቢራ ጠርሙስ ታገኙበታላችሁ፣ ፎቶም አያምርም። ቢሆንም አስር ደቂቃ ስጡት። የሮም ጉብኝት ለኛ የሚጀምረው ከዚህ ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ በካቩር መንገድ ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውረዱ፣ ሩቅ አይደለም። መግቢያው ነጻ ነው፣ ፍተሻ አለ። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሞዛይክ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። በሚያዝያ 2025 ያረፉት ጳጳስ ፍራንቸስኮ የተቀበሩትም እዚህ ነው፤ መቃብሩ ላይ ስማቸው ብቻ ነው የተጻፈው። ሰልፉ ረጅም ከሆነ እለፉት።

ኮሎሴዮን ለ2:30 ወይም ለ3 ሰዓት ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይና ሕዝብ ነው። ሥራው የተጀመረው በንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ዘመን ነው፣ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. መረቀው፤ 50,000 ሰው ገደማ ይይዝ ነበር። ምድር ቤቱንና ሜዳውን የሚያስገባ ውድ ትኬት አለ፣ ለአንድ ቀን ጎብኚ አያስፈልግም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወጥታችሁ አንዴ ዙሩት፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር ከውስጡ ይልቅ ውጩ ይበልጣል። አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ያው ትኬት ጎን ያለውን የሮማውያን ፎረም ያስገባል። ፎረሙ ፍርስራሽ ነው፤ ታሪኩን ያላነበበ ሰው ድንጋይ አይቶ ነው የሚወጣው፣ ጥላ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሙሉውን አትዙሩት። ከኮሎሴዮው በኩል ገብታችሁ ወደ ቲቶ ቅስት ሂዱ። የቅስቱን ውስጠኛ ግድግዳ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። የሮም ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። በ70 ዓ.ም. የሆነ ነገር ነው። ታቦት ሲወጣ እልል እያለ ያደገ ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ይቆማል። ከዚያ ተመለሱ፤ ቀሪውን ከሰዓት በኋላ ከላይ ሆናችሁ በነጻ ታዩታላችሁ።

ስትወጡ ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ትንሽ ገባ በሉ። ሙሶሊኒ በ1932 ያስመረቀው መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ የሮም ግዛት ከትንሽ ነጥብ ተነስቶ እንዴት እንደሰፋ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተለጥፈዋል። ድሮ አምስት ነበሩ። አምስተኛው በ1936 የተጨመረ ነው፣ ኢትዮጵያን የግዛቱ አካል አድርጎ የሚያሳይ። ከጦርነቱ በኋላ አነሱት። ቱሪስቱ አራቱን ፎቶ ያነሳል፣ እናንተ ባዶውን እዩ።

ፖርታ ካፔና

ከኮሎሴዮ በስተደቡብ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ አስር ደቂቃ ስትሄዱ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው። 24 ሜትር፣ 160 ቶን ገደማ። በ1937 አምጥተው ተከሉት። በ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የተዘረፈውን እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። የተመለሰው በ2005 ነው፤ በ2002 ጭራሽ መብረቅ መቶት ነበር። ከሦስት ቆርጠው በአውሮፕላን ወሰዱት፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። አሁን እዚያ ቦታ ሌላ መታሰቢያ ነው ያለው፣ መስከረም 11 ኒው ዮርክ ላይ ለሞቱት የቆሙ ሁለት አምዶች። ስለ አክሱም ቆማችሁ የምትጠይቁት ሰው ካለ፣ ዕድሜው የገፋ ሮማዊ ያስታውሰዋል።

ጎኑ ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ኤፍኤኦ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት። ሲጀመር ግን ለሌላ ነበር የታሰበው፤ የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ሊሆን፣ ማለትም እኛን ሊያስተዳድሩበት። ሳይጨርሱት ጦርነቱ አለቀ። በኛ አቆጣጠር የ66ቱንና የ77ቱን የረሃብ ዘመን ከእናት ከአባቱ አፍ የሰማ ወሎዬ ይህን ሕንፃ ሲያይ የሚያስበውን እኔ አልጽፍለትም።

ምሳና እረፍት

ከፊታችሁ የተዘረጋው ሳር ሜዳ ቺርኮ ማሲሞ ነው፣ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ የነበረ። የሚታይ ነገር ብዙም አልቀረውም፣ ጥላም የለውም። አቋርጣችሁ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ውጡ። ላዩ ላይ የብርቱካን አትክልት ስፍራ አለ፤ በነጻ ነው፣ ጥላ አለ፣ ከጫፉ ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ወንዙን ተሻግሮ ይታያል። ምሳችሁን እዚህ ብሉ። ግን ምግቡን ይዛችሁ ነው የምትወጡት፤ ላይ የሚሸጥ ጠብቃችሁ እንዳትራቡ። ጠዋት ተርሚኒ አካባቢ ቁራጭ ፒዛ ግዙ። በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ በእጃችሁ ይህን ያህል ብላችሁ ታሳያላችሁ፣ በመቀስ ቆርጦ ይመዝንላችኋል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አትጨነቁ። ፒዛ ማሪናራ የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ቲማቲም ብቻ የተቀባ ቀይ ፒዛም በየዳቦ ቤቱ አለ። ሬስቶራንት ከገባችሁ ፓስታ በፖሞዶሮ አዛችሁ "ሴንሳ ፎርማጆ" በሉ፣ አይብ አይነሰንስባችሁም። ጎመን ካማራችሁ ቺኮሪያ የሚሉት አለ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ፣ ትንሽ ይመራል። ለሙስሊሞቻችን ደግሞ ዋናው ጥንቃቄ ይሄ ነው፦ የሮም ስመ ጥር ፓስታዎች፣ ካርቦናራና አማትሪቻና፣ ሁለቱም የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው። ስሙ ላይ አይታይም። ካቾ ኤ ፔፔ ሥጋ የለውም፣ አይብና ቁንዶ በርበሬ ነው። ሐላል ሥጋ ለሚፈልግ ከተርሚኒ በስተደቡብ ያለው የፒያሳ ቪቶሪዮ ሰፈር የባንግላዴሽ ሰዎች ሱቅ የሞላበት ነው። በ1995 የተከፈተው ትልቁ መስጊድ ሰሜን ሮም ነው ያለው፣ ከዚህ መንገድ ይርቃል። ሰላታችሁን እዚሁ አትክልት ስፍራ አንዱ ጥግ ብትሰግዱ የሚያስቸግራችሁ የለም።

ውሃ አትግዙ። ሮም በየመንገዱ ጫፍ አጭር የብረት ቧንቧ አላት፣ ወደ 2,500 ይጠጋሉ፣ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይፈሳል። ጫፉን በጣታችሁ ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። ጄሪካን ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው መጀመሪያ ሲያየው የሚዘጋበትን ይፈልጋል። አይዘጋም።

ከሰዓት በኋላ፦ ካምፒዶሊዮ፣ ፓንቴዮን፣ ናቮና

ወደ 9 ሰዓት ሲጠጋ ከአቬንቲኖ በወንዙ በኩል ወርዳችሁ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሂዱ። አደባባዩን የቀየሰው ማይክል አንጀሎ ነው። መሐሉ ላይ ያለው የፈረሰኛ ሐውልት ቅጂ ነው፣ ዋናው ሙዚየሙ ውስጥ ነው ያለው። ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ጎን ወደ ኋላ ዙሩ፤ ጠዋት የተዋችሁት ፎረም በሙሉ ከሥራችሁ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ፣ ያለ ትኬት፣ ያለ ግፊያ።

በማዶው ወርዳችሁ ፒያሳ ቬኔዚያ ናችሁ። ነጩና ትልቁ ሐውልት ዓይናችሁን ይስባል፣ ደረጃውን መውጣት ነጻ ነው። እናንተ ግን ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙሩና ቡኒውን ቤተ መንግሥት፣ ፓላሶ ቬኔዚያን ፈልጉ። አንዲት በረንዳ አላት፣ ትንሽ ናት። ሙሶሊኒ ግንቦት 9 ቀን 1936 ኢትዮጵያ የኛ ሆነች ብሎ ያወጀው ከዚያች ላይ ሆኖ ነው። ደሴ በአውሮፕላን ቦምብ የተደበደበችው ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 ነበር፣ ጃንሆይ እዚያው እያሉ። አምስት ወር ነው ልዩነቱ። ቦታው ለሜትሮ ግንባታ ታጥሮ ሊሆን ይችላል፣ በረንዳዋ ግን ትታያለች።

ወደ ፓንቴዮን፣ ወደ ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ በኮርሶ መንገድ ትንሽ ሄዳችሁ ወደ ግራ ታጠፉ። መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ከአንድ ቀን ውስጥ አንድ ሕንፃ ብቻ ግባ ብትሉኝ ይሄን ነው የምገባው። ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት በንጉሠ ነገሥት አድርያን ዘመን የተሠራ ነው፣ ጉልላቱ ዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ይሰፋል፣ ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ቁመትም ያው 43 ነው። ፌሮ የሚባል ነገር የለበትም። በዓለም ላይ ፌሮ ከሌላቸው የኮንክሪት ጉልላቶች እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተገኘም። እንዴት ቆመ ብትሉ፣ ኮንክሪቱን ከታች ወፍራምና ከባድ፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ስስና ቀላል ድንጋይ እየቀላቀሉ ነው የሠሩት፣ አናቱን ደግሞ ጭራሽ ክፍት ተዉት። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል፣ ወለሉ ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉ። ኮምቦልቻ ብረት የሚነግድ ዘመድ ያላችሁ ፎቶ ላኩለት።

ውስጡ መቃብሮች አሉ። ሰው የሚሰበሰበው ሠዓሊው ራፋኤል ጋ ነው። እናንተ የንጉሥ ኡምቤርቶ 1ኛን ፈልጉ። ውጫሌ ላይ በ1889 ከምኒልክ ጋር የተደረገው ውል በእሱ ዘመን፣ በእሱ ስም የተደረገ ነው፤ ያ አንቀጽ 17 በአማርኛው ሌላ፣ በጣሊያንኛው ሌላ የሆነው ውል። ዐድዋ ላይ የተሸነፈውም የእሱ ጦር ነው። በ1900 በጥይት ተገደለ። ከሐይቅ አለፍ ብላ ያለችው ትንሽዋ ውጫሌና ይህ ወርቅ የተቀባ መቃብር በአንድ ወረቀት የተገናኙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር መመሪያ መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

ከፓንቴዮን ናቮና አምስት ደቂቃ ነው። ረዘም ያለ አደባባይ፣ ሠዓሊው፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ፣ አሻንጉሊት ሻጩ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ቡና እንዳታዙ፣ ዋጋው ያስደነግጣል። መሐል ላይ ያለው የበርኒኒ ፏፏቴ በ1651 የተመረቀ ነው፣ የአራት አህጉር አራት ወንዞች በሰው መልክ ተቀርጸውበታል። ፊቱን በጨርቅ የሸፈነው ዓባይ ነው። ምንጩ አልታወቀም ለማለት ነው የሸፈኑት። ለማን ነው ያልታወቀው? የራሳቸው ሰው፣ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ፣ ግሽ ዓባይ ቆሞ ምንጩን ያየው በ1618 ነው፣ ፏፏቴው ከመሠራቱ 33 ዓመት በፊት። የመቅደላን ሥር ታክኮ የሚወርደው በሽሎም ውሃውን የሚገብረው ለዚሁ ወንዝ ነው። በሉ ጨርቁን በሐሳብ ግለጡትና ፎቶ ተነሱ።

ናቮና አካባቢ ሲደርስ እግር ይዝላል፣ ልብም ይዘናጋል። ያን ጊዜ ነው "ከየት ነህ ወንድሜ? አፍሪካ አፍሪካ!" እያሉ ክር እጃችሁ ላይ የሚያስሩ ልጆች የሚመጡት። ስጦታ ነው ይሏችኋል፣ ታስሮ ሲያልቅ ግን ዋጋ አለው። የሐበሻ ፊት ስለሆነ የሚምሯችሁ እንዳይመስላችሁ። እጃችሁን ኪስ ከትታችሁ እለፉ፣ ሰላምታ ለመመለስ እንኳ አትቁሙ፤ ለወሎ ሰው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ቫቲካን ወደ ማታ

ቅዱስ ጴጥሮስን ጠዋት የሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት ይሰለፋል። እናንተ ከ10፡30 በኋላ ድረሱ። በመላእክት ሐውልት በታጀበው በሳንታንጄሎ ድልድይ ተሻገሩ፤ ፊት ለፊት ያለው ክብ ምሽግ የአድርያን መቃብር የነበረ ነው፣ ከውጭ ይበቃል። ባዚሊካው፣ ማለትም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ እስከ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ክፍት ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ነጠላችሁን እዚህ አውጡት። ጉልላቱን በእግር ለመውጣት 551 ደረጃ ነው፣ በአሳንሰር ጀምራችሁም 320 ይቀራል፣ ይከፈልበታል፣ ቀደም ብሎም ይዘጋል። የቫቲካን ሙዚየሞችን ግን ዛሬ አትሞክሩት። እሱ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ የሚገባ ሰው የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ሥር ቆሞ የሚያስበው ስለ እግሩ ነው።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ አጥሩ ውስጥ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጳጳስ ሲክስቶስ 4ኛ በ1479 ለኢትዮጵያ መነኮሳት የሰጡት ነው። ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ። ግን እዚያ መኖሩን አውቃችሁ ቁሙ። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ያሳተሙት ሮም ውስጥ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ መጡ። የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፣ ከቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው አገር። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ በ1649 እዚሁ አግኝቷቸው ቋንቋ ይማርባቸው ጀመር። ኋላም ጀርመን ድረስ ጠራቸው፣ በ1652 ሄዱ። ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በ1658 ባሕር ላይ ሰጠሙ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእሳቸው የሰማውን የያዘ ነው። እና ይህን የምታነቡበት ቋንቋ አውሮፓ ውስጥ በመጽሐፍ የታወቀው በአንድ የወሎ ቄስ ምላስ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ የቆመ ሐውልት አላየሁም።

ለመመለስ አስር ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ ኦታቪያኖ ጣቢያ ሜትሮ ኤ መስመር ያዙ። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፣ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካላችሁ በሩ ላይ ማስነካት ይበቃል። ተርሚኒ ስድስተኛው ፌርማታ ነው፤ አካባቢው የሐበሻ ምግብ ቤት አለው፣ እንጀራ ከናፈቃችሁ።

ትሬቪን ረሳኸው የሚለኝ አይጠፋም። አልረሳሁትም፣ ቀን ላይ ስለማይታይ ነው። በ1762 ያለቀው ያ ትልቅ ፏፏቴ ቀን ቀን የሰው ጀርባ ነው የሚያሳየው፤ ወደ ገንዳው የሚወርደው ሰውም በአንድ ጊዜ ከ400 እንዳይበልጥ ስለተገደበ ወረፋ አለ። እራታችሁን በልታችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ባርቤሪኒ ፌርማታ ውረዱና ቁልቁል ሂዱ። የሚወረወረው ሳንቲም ተሰብስቦ ለካሪታስ ነው የሚሰጠው፣ ለድሆች ይውላል። እስፓኛ ደረጃም ቅርብ ነው፣ ግን እንዳትቀመጡበት፤ ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል። የመጨረሻው ሜትሮ ከምሽቱ 5፡30 ነው፣ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት 7፡30። ካመለጣችሁ ከትሬቪ ተርሚኒ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።